በወረርሽኝ ጊዜ የንባብ ጣዕምን እንዴት እናስፋ?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቤት እንድንውል ከተነገረን ሰዎች ብዙዎቻችን «በቃ፣ አሁንስ አነባለሁ» ብለን ነበር። እኔም ብያለሁ። መደርደሪያዬ ፊት ስቆም ግን ያለኝ ሁሉ የጦርነትና የመንግሥታት ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ለዓመታት የገዛሁት፣ የተዋስኩት፣ በስጦታ የተቀበልኩትም ይኸው ነበር፤ ወዳጆቼ ምን እንደምወድ ስለሚያውቁ ሌላ ነገር አምጥተውልኝ አያውቁም። በዚያ ሰሞን አንዱንም መዝለቅ አቃተኝ። ዐይኔ ፊደሉን ይለቅማል፣ ቀልቤ ግን አልሰበሰብ አለ። ቀኑን ሙሉ የሟቾች ቁጥር ስሰማ ውዬ ማታ ደግሞ የሌላ ዘመን ሟቾችን ቁጥር ማንበብ ከበደኝ።

ከዚያ ያወጣችኝ አክስቴ ናት። ብቻዋን ትኖራለች፤ ዐይኗ ደክሟል፤ ልጠይቃት መሄድም አልተቻለም። ማታ ማታ በስልክ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የምትወደው ደብዳቤና የሕይወት ታሪክ ነው፤ የኔን የጦር ሜዳ መስማት አልፈለገችም። ለእሷ ስል የጀመርኩት ንባብ ውሎ አድሮ የራሴን ጣዕም ቀየረው። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ከዚያ ልምድና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ከሚመክሩት የተሰበሰበ ነው። ወረርሽኝ ቤት ላዋለው ሰው የታሰበ ቢሆንም አስታማሚም ታማሚም ሊጠቀምበት ይችላል።

1. ያነበቡትን ይዘርዝሩ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ጣዕምን ለማስፋት መጀመሪያ ያለውን ጣዕም ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ወረቀት ይውሰዱና ባለፉት ሁለት ዓመታት ያነበቧቸውን 15 መጻሕፍት ይጻፉ። 15 ካልሞላ የታወሰዎት ይበቃል። ጀምረው የተዉትንም ያስገቡ፤ የተተዉት መጻሕፍት ስለ አንባቢያቸው ብዙ ይናገራሉ።

ከእያንዳንዱ ርዕስ ትይዩ የመጽሐፉን ዓይነት፣ የተጻፈበትን ዘመን፣ የደራሲውን አገር፣ ደራሲው ሴት ትሁን ወንድ፣ መጽሐፉ ትርጉም ይሁን አይሁን ያስፍሩ። ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። ወረቀቱን ዘርግተው ሲያዩት አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። የኔ ዝርዝር ውስጥ በሴት የተጻፈ አንድም አልነበረም፤ ግጥምም አልነበረም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተጻፈው አንድ ብቻ ነበር። በዚህ ማፈር አያስፈልግም። ወረቀቱ የሚያገለግለው ከየት እንደሚነሱ ለማወቅ ነው።

አሁን የመጨረሻውን ዓምድ ይጨምሩ፤ ርዕሱ «ምኑ ያዘኝ?» ይሁን። እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ መጻፍ ይቀናናል፤ የሚፈለገው ግን እርስዎን የያዘዎት ምን እንደሆነ ነው። «ስለ ጦርነት ነው» የሚለው አይረዳም። «ጄኔራሉ ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት» የሚለው ይረዳል።

2. የሚገቡበትን በር ይለዩ

አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው ትላለች፤ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ መቼቱና ቋንቋው። አራቱም በሮች በየመጽሐፉ አሉ፤ አንዱ ጋ ታሪኩ ሰፊ በር ይሆናል፣ ሌላው ጋ ቋንቋው። አንባቢም እንዲሁ አዘውትሮ የሚገባበት በር አለው። እኔ ስለ ንባብ ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመኝ የለም፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በርዎን ለማወቅ «ምኑ ያዘኝ?» ያሉበትን ዓምድ ያንብቡ። «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያሉ ሌሊቱን ያጋመሱባቸው መጻሕፍት ከበዙ በርዎ ታሪኩ ነው። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ሰዎቹ የሚናፍቁዎት፣ «እሷ ብትሆን ምን ትል ነበር?» የሚያሰኙዎት ከሆነ ገጸ ባሕርያቱ ናቸው። ሴራው ተረስቶ መንደሩ፣ መርከቡ፣ ብርዱ ዐይንዎ ላይ የቀረ እንደሆነ መቼቱ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ደግመው ያነበቡ፣ ደብተር ላይ የገለበጡ ወይም አጠገብዎ ላለ ሰው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያነበቡለት ከሆነ ደግሞ ቋንቋው ነው። ሁለት በር ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ሦስት ካገኙ ግን ምናልባት ራስዎን አልጠየቁም፣ እንደገና ይዩት።

እኔ በታሪክ በር የምገባ ይመስለኝ ነበር። ዝርዝሬን ስመረምር የጦርነቶቹን አካሄድ ረስቼዋለሁ፤ የማስታውሰው ሰዎቹን ነው። የአክስቴ ደብዳቤዎች ቶሎ የያዙኝ ለዚህ ነው፤ ያው በር ነው፣ ቤቱ ብቻ ሌላ ነው።

3. በሩን ሳይለቁ ቤቱን ይቀይሩ

ጣዕሙን ለማስፋት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሚወደው እጅግ የራቀውን፣ ከባድ ነው የተባለውን መጽሐፍ ያነሳል። የወንጀል ልብወለድ ሲያነብ የኖረው በአንድ ጊዜ ወፍራም የፍልስፍና መጽሐፍ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል፤ «ፍልስፍና ለኔ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ የፍልስፍናም የእሱም አይደለም፤ ርቀቱ በዛ። በለመዱት በር ወደ ማያውቁት ቤት መግባት ግን ይቻላል።

በታሪክ በር የሚገቡ ከሆነ እውነተኛ ምርመራ የሚተርኩ መጻሕፍትን ይሞክሩ። የሕክምና ታሪክ በዚህ ሀብታም ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሰው ሲፈጅ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱት ሰዎች ውሃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። ዱካው ብሮድ ስትሪት ላይ ወደ ነበረ አንድ የውሃ ፓምፕ መራው፤ የአካባቢው ሹማምንትም የፓምፑን እጀታ አስነቀሉት። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሐኪም በሽታው በመጥፎ ሽታ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ተጠርጣሪ አለ፣ ሁሉም የተሳሳተበት ግምት አለ፣ ማስረጃ አለ። የወንጀል ልብወለድ ወዳጅ የሚፈልገው ሳይጎድል ሳያውቀው የሳይንስ ታሪክ አንባቢ ይሆናል።

በገጸ ባሕርያት በር የሚገባ ሰው የሕይወት ታሪክ፣ ማስታወሻና ደብዳቤ አለለት። ታዋቂ ሰዎችን ብቻ አይፈልግ፤ ነርስ፣ እስረኛ፣ መርከበኛ፣ ገረድ የጻፉት ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ከንጉሥ ማስታወሻ ይበልጣል፤ ንጉሥ ሲጽፍ ለታሪክ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ወደ ተውኔት ይሻገሩ። ተውኔት ላይ ደራሲው መሐል ገብቶ ስለ ሰዎቹ አይነግረንም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፣ እኛ እንፈርዳለን። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ሁለት ሰው ሆኖ እየተቀባበሉ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ያን ግራ መጋባት ያቀለዋል።

በመቼት በር የሚገቡ ሰዎች በወረርሽኝ ጊዜ ዕድለኞች ናቸው፤ እግር ሲታሰር የጉዞ ማስታወሻ ይጣፍጣል። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ከታንጂር የተነሳው በ1325 ነው፤ በ1348 ደማስቆ ሲደርስ ጥቁር ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ደርሶ ነበር። የከተማው ሰዎች ሦስት ቀን ጾመው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይሁዱም መጻሕፍታቸውን ይዘው በአንድነት እየለመኑ ሲወጡ እንዳየ ተርኳል። እንዲህ ያለውን ምዕራፍ ቤት ተዘግቶበት የሚያነብ ሰው ስለ ሩቅ አገር ብቻ እያነበበ አይደለም። ከጉዞ ማስታወሻ ቀጥሎ ስለ ተፈጥሮ የተጻፉ መጻሕፍት ይመጣሉ፤ ቀጥሎም ሳይንሳዊ ልብወለድ፣ ቦታው ጭራሽ የተፈጠረበት። ሳይንሳዊ ልብወለድን የሚንቁ ብዙ ሰዎች የመቼት አንባቢዎች ናቸው፤ እንደሚወዱት አያውቁም።

ቋንቋ ለሚወድ ግጥምና ወግ አለ። ግጥም እንደ ልብወለድ አይነበብም። መጽሐፉን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ መጨረስ አያስፈልግም፤ በቀን አንድ ግጥም፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ በድምፅ። ያልገባውን ስንኝ መልስ ፍለጋ ሳይሄዱ ይዘውት ይዋሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ እያሉ ይገባል። ሁለት ቋንቋ የሚያነቡ ከሆነ አንድን ሥራ በመጀመሪያ ቋንቋውና በትርጉሙ ጎን ለጎን ያኑሩ። ተርጓሚው የተቸገረበትን ቦታ ማግኘት ስለ ቋንቋ ብዙ ያስተምራል።

አንድ ሕግ ደግሞ ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። የዘመናችንን የወንጀል ልብወለድ የሚወድ ሰው መጀመሪያ የሌላ አገር የወንጀል ልብወለድ ያንብብ፤ ቀጥሎ ከዚያው አገር ሌላ ዓይነት ልብወለድ፤ ቀጥሎ የዚያን አገር ታሪክ። ዘመኑንም አገሩንም ዓይነቱንም ባንዴ የቀየረ ሰው መጽሐፉ ሲከብደው የከበደው የቱ እንደሆነ አያውቅም።

4. ከአጭር ይጀምሩ፣ ሰዓቱን ያጥብቡ

ፍርሃት ትኩረትን ይበላል። በየሰዓቱ ዜና የሚጠብቅ አእምሮ 600 ገጽ ልብወለድ ተሸክሞ መሄድ አይችልም፤ ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ሰው ራሱን በከንቱ ይቀጣል። ስለዚህ በአጭር ልብወለድ፣ በወግ፣ በግጥም፣ በአንድ ምዕራፍ ይጀምሩ። አጭር ሥራ ለጣዕም ማስፋትም ይመቻል፤ ስምንት ደራሲያን የተሰባሰቡበት አንድ መድብል ስምንት አዳዲስ ቤቶችን በአንድ ሳምንት ያስጎበኛል። የወደዱትን ደራሲ ስም ምልክት ያድርጉና ረጅም ሥራውን በኋላ ይፈልጉ።

ንባቡ 20 ደቂቃ ይሁን፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። ስልክዎን ሌላ ክፍል ያኑሩት፤ አጠገብዎ ተገልብጦ ቢቀመጥም እጅ ወደዚያው ይሄዳል። ዜና የሚሰሙበትን ሰዓትም ከንባቡ ያራርቁ። እኔ ከዜና በኋላ ለማንበብ በሞከርኩባቸው ቀናት ሁሉ አንድ ገጽ አራት ጊዜ አንብቤያለሁ። ዜናውን ወደ ቀትር ሳመጣው ምሽቱ ተመለሰልኝ።

5. ለሰው ያንብቡ፣ ሰውም ያንብብልዎት

ይህ እርምጃ ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ነው። በዓይን ስናነብ ያልተመቸንን እንዘላለን፤ ለሰው ስናነብ መዝለል አይቻልም። ሌላው ሰው የመረጠውን ስናነብ ደግሞ በራሳችን ፈቃድ የማንገባበት ቤት እንገባለን።

መንገዱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ይምረጡ፣ ጣዕሙ ከእርስዎ የተለየ ቢሆን ይመረጣል። የስልክ ሰዓት ይቀጣጠሩ። አንድ መጽሐፍ እሱ ይምረጥ፣ ቀጣዩን እርስዎ። በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይለፉ፤ ጉሮሮም ይደክማል፣ ሰሚም ይደክማል። ሲጨርሱ መጽሐፉ ጥሩ ነው አይደለም ብላችሁ አትከራከሩ፤ «የቱ ጋ ቆም አልክ?» ወይም «የቱ ጋ ቆም አልሽ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። አክስቴ ከጠቀሰቻቸው ቦታዎች ግማሹን እኔ እያነበብኩ እንኳ አላስተዋልኳቸውም ነበር።

ከሁለት በላይ ከሆናችሁ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ጥሩ አደረጃጀት አለ። ጣሊያናዊው ደራሲ ቦካቺዮ «ዴካሜሮን» በተባለው መጽሐፉ በ1348 ፍሎረንስን ከመታው ወረርሽኝ ሸሽተው የወጡ ሰባት ሴቶችና ሦስት ወንዶችን ያስቀምጥልናል። አሥሩ ሰዎች ለአሥር ቀን፣ በቀን አንድ አንድ ታሪክ ይናገራሉ፤ 100 ታሪክ ይሆናል። በየቀኑ አንዱ ንጉሥ ወይም አንዷ ንግሥት ትሆናለች፤ በአብዛኛዎቹ ቀናትም የዕለቱ ርዕሰ ጉዳይ አስቀድሞ ይሰየማል። ይህን ወስዳችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ተረኛው ርዕሰ ጉዳይ ይስጥ፦ «ያልተላከ ደብዳቤ»፣ «እንስሳ ያለበት»፣ «ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ»። ሁሉም ከዚያ ጋር የሚሄድ አጭር ነገር ፈልጎ ይምጣ። ፍለጋው ራሱ ያልታሰበ መደርደሪያ ጋ ይወስዳል።

6. በሮች ሲዘጉ መጽሐፍ ማግኘት

ቤተ መጻሕፍትና መጻሕፍት ቤቶች ሲዘጉ በኢንተርኔት ያለው ይቀራል። ጉተንበርግ ፕሮጀክት በ1971 ማይክል ሃርት የጀመረው ነው፤ አሁን ከ70,000 በላይ መጻሕፍት በነፃ ይገኙበታል። ሊብሪቮክስ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በድምፅ እያነበቡ የሚያስቀምጡበት ነው፤ እጅ ሥራ ላይ ሳለ ጆሮ ያነባል። ሁለቱም የሚያቀርቡት የቅጂ መብታቸው ያበቃ ሥራዎችን ነው፤ ስለዚህ ዘመንን ለማስፋት ግሩም ናቸው፣ የዛሬን ደራሲ ለማግኘት ግን አይሆኑም። ከእንግሊዝኛ ውጪ ያለው ድርሻም ትንሽ ነው። በእነሱ ብቻ የሚመገብ አንባቢ ጣዕሙ ወደ ኋላ ብቻ ይሰፋል። የዘመኑን ለማንበብ አባል የሆኑበት ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ያውስ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሕንፃቸው ሲዘጋ ይህን አገልግሎት ያሰፉ ብዙ ነበሩ።

ከጎረቤት ጋር መለዋወጥም አለ፤ እንደኔ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ የሰው መደርደሪያ ሌላ ሰው ነው። አንድ ካርቶን ደጅ ላይ ያስቀምጡ፤ ሦስት ይስጡ፣ ሦስት ይውሰዱ። ስለ ንጽሕናው ብዙ አይጨነቁ። በ2020 መጀመሪያ ወራት ብዙ ቤተ መጻሕፍት የተመለሰ መጽሐፍ ለሦስት ቀን ያህል ለይተው ያቆዩ ነበር፤ በኋላ ኮቪድ በዋናነት በትንፋሽና በአየር እንደሚተላለፍ፣ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድሉም ዝቅተኛ እንደሆነ ታወቀ። እጅ መታጠብ ይበቃል። ገጾቹን በአልኮል መጥረግ ወረቀቱን ያበላሻል። መጽሐፍ ማይክሮዌቭ ውስጥ የከተቱ ሰዎችም ነበሩ፤ የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ውስጥ የሚለጠፈው የብረት መለያ በማይክሮዌቭ ስለሚቃጠል መጽሐፉ አርሮ ይወጣል። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የመተላለፊያው መንገድ የተለየ ሊሆን ስለሚችል የጤና ባለሙያዎችን ይስሙ።

7. አልፎ አልፎ ዕጣ ይጣሉ

በር እየመረጡ መሄድ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ ከተመረጠ ግን እሱም ይጠባል። ስለዚህ ከአራት መጽሐፍ አንዱን ለዕጣ ይተዉ። እኔ የምጠቀመው ሜልቪል ዲዊ በ1876 ያሳተመውን የቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ነው። እውቀትን ሁሉ በአሥር ይከፍለዋል፤ 0 ጠቅላላ ሥራዎችና ኮምፒውተር፣ 1 ፍልስፍናና ሥነ ልቦና፣ 2 ሃይማኖት፣ 3 ማኅበራዊ ሳይንስ፣ 4 ቋንቋ፣ 5 የተፈጥሮ ሳይንስና ሒሳብ፣ 6 ሕክምና፣ እርሻና ቴክኖሎጂ፣ 7 ኪነ ጥበብና ስፖርት፣ 8 ሥነ ጽሑፍ፣ 9 ታሪክና ጂኦግራፊ። አመዳደቡ እንከን አለው፤ የ2 ቁጥር አብዛኛው ክፍል ለክርስትና ተሰጥቶ ሌሎቹ ሃይማኖቶች ጥግ ላይ ተጨናንቀዋል። ለዕጣ ግን ይመቻል። ቁጥሮቹን በወረቀት ቆራርጠው አንዱን ያውጡ፤ የወጣው ክፍል ውስጥ የሚያጓጓዎትን ይፈልጉ።

አክስቴ ያወጣችው 6 ነበር። ሕክምና በዚያ ሰሞን ሰልችቶን ስለነበር እርሻውን መረጥን፣ ከእርሻውም ንብ ማነብን። ሁለታችንም ንብ የለንም። መጽሐፉ ቀፎ እንዴት እንደሚከፈት፣ ንግሥቲቱ ስታረጅ ንቦቹ ሌላ እንዴት እንደሚያሳድጉ በእርጋታ ያስረዳል፤ የትም ቦታ ላይ ሊያስደምመን አይሞክርም። በዚያ አስጨናቂ ወር እንደዚያ ያሳረፈኝ መጽሐፍ የለም። እኔ በገጸ ባሕርያት በር እንደምገባ ባውቅም ገጸ ባሕርይ የሌለበት መጽሐፍ ልወድ እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ነው።

8. መተውን ይወቁ

አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው ብዙ መጽሐፍ ይተዋል፤ መተው ካልቻለ መሞከር ይፈራል። ናንሲ ፐርል ለዚህም ልክ አላት፤ ዕድሜዎ 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 50 ገጽ ያንብቡና ይወስኑ፤ ከ50 በላይ ከሆነ ዕድሜዎን ከ100 ይቀንሱ፣ የቀረው የገጽዎ ቁጥር ነው። የ70 ዓመት ሰው 30 ገጽ ይበቃዋል። ፈረንሳዊው ዳንኤል ፔናክም በ1992 ለአንባቢ አሥር መብቶችን ሲዘረዝር ገጽ መዝለልን፣ አለመጨረስንና ደግሞ ማንበብን አስገብቷቸዋል።

እኔ የምጨምረው የተዉትን በሁለት እንዲለዩ ነው። «የኔ አይደለም» እና «ገና ነው»። ሁለተኛውን ከዐይንዎ አያርቁት። ግጥምን በገጽ አይለኩ፤ ከመድብሉ ሦስት ቦታ ከፍተው ሦስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ያንብቡ። የትርጉም ሥራ ከከበደዎት ደራሲውን ከመተውዎ በፊት ሌላ ተርጓሚ ይፈልጉ።

9. ስለ ወረርሽኝ የተጻፉትን በጥንቃቄ

በወረርሽኝ ጊዜ ስለ ወረርሽኝ ማንበብ የሚያጽናናው አለ፣ የሚያስጨንቀውም አለ። ቤት ውስጥ የታመመ ካለ ወይም ሐዘን ላይ ከሆኑ ለጊዜው ይተዉት። ካነበቡ በቀን ያንብቡት፣ ማታ የሚመለሱበት ሌላ ቀላል መጽሐፍ ይኑርዎት። የድሮ ተወዳጅዎን ደግሞ ማንበብም ከመንገዱ መውጣት አይደለም፤ ተጓዥ ማረፊያ ያስፈልገዋል።

ለሚችል ሰው አንድ ልምምድ እመክራለሁ። አንዱን ወረርሽኝ በሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያንብቡ። የ1665ቱን የለንደን ወረርሽኝ ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ከተማው ውስጥ ሆኖ በግል ማስታወሻው መዝግቦታል፤ ማስታወሻውን ከ1660 እስከ 1669 ለራሱ ብቻ፣ ቃላትን በምልክት በሚያሳጥር ጽሕፈት ነው የጻፈው። ደራሲው ዳንኤል ዲፎ ስለዚያው ወረርሽኝ የጻፈው ልብወለድ ደግሞ በ1722 ወጣ፤ ወረርሽኙ ሲገባ ዲፎ የአምስት ዓመት ያህል ልጅ ነበር፣ ተራኪውን ግን በዐይኑ ያየ ዐዋቂ ሰው አድርጎ አቁሞታል። ፒፕስ በአንድ ቀን ላይ ስለ ሞትም ስለ ገንዘቡም ስለ ልብሱም ይጽፋል፤ ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ዲፎ መጨረሻውን ያውቃል፣ ነገሩንም በዚያው ያሰናዳል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው በማስታወሻና በልብወለድ መካከል ያለውን ልዩነት ከማንኛውም ትምህርት በተሻለ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ «እኔ ልብወለድ አላነብም» ወይም «እኔ ልብወለድ ብቻ ነው» ማለት ይከብደዋል።

10. ከሦስት ወር በኋላ

ሁለተኛ ዝርዝር ይጻፉ፣ በዚያው ዓምድ። ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩት። የሚያዩት ለውጥ ከጠበቁት ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ እኔ አሁንም ካነበብኩት ግማሹ ታሪክ ነው። የተለወጠው በ«ምኑ ያዘኝ?» ዓምድ ያለው ነው፤ መልሶቼ ረዘሙ። ሁለተኛ በር ተከፍቶ ከሆነም ከዚህ ዓምድ ያውቁታል፤ ቀጣዩን መጽሐፍ በዚያ በር ይፈልጉ።

አክስቴና እኔ ንባባችንን አልተውነውም። ዕጣውን አሁን የምታወጣው እሷ ናት፤ በቅርቡ 5 ወጥቶላት ስለ ከዋክብት እያነበብን ነው።